ፈልግ እንጂ አትተካ

ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ግን የተለያየ ፊደላት አሉን። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እነዚህ ሞክሼ የምንላቸው ፊደላት ይቀነሱ በሚሉና አይነኩ በሚሉ ወገኖች መካከል የተነሣው ሙግት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። አንደኛው ወገን ለሕፃናትና ለጽሕፈት መኪና ያዝናል፤ ሌላው ለግእዝና ለሊቃውንቱ ያዝናል። ሙግቱ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ሙግቱ ሳይቋጭ ፍርዱ በየቤቱና በየቢሮው እየተፈጸመ ነው። ፈጻሚው ጉባኤ አይደለም፤ ዐዋጅም አይደለም። በኮምፒዩተር ላይ የምትጻፍ አንዲት መስመር ትእዛዝ ናት።

መሣሪያው ሴድ ይባላል። ሊ ማክማን የተባለ ባለሙያ በአሜሪካው የቤል ላብራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1974 ያዘጋጀው ነው፤ በእኛ ቆጠራ አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ግድም መሆኑ ነው። መስኮትና ሥዕል የለውም፤ ትእዛዙን በጽሑፍ ይቀበላል፣ የተሰጠውን ፋይል ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር ያነባል፣ በእያንዳንዱ መስመር ላይ የታዘዘውን ይፈጽማል፣ ውጤቱን ያፈስሳል። ከትእዛዛቱ ሁሉ የታወቀው «ኤስ» ነው፤ «ይህን ፈልግ፣ በዚህ ተካ» ማለት ነው። መጨረሻው ላይ «ጂ» የምትባለዋን ፊደል ካላከሉበት በየመስመሩ የሚያገኘውን የመጀመሪያውን ብቻ ለውጦ ያልፋል፤ ከተጨመረችበት አንድም አያስቀርም። ሌላው «ዋይ» ይባላል። ለዚህ ሁለት የፊደል ረድፎች ይሰጡታል፤ ከመጀመሪያው ረድፍ ያገኛትን እያንዳንዷን ፊደል በሁለተኛው ረድፍ በትይዩዋ ባለችው ይለውጣታል። የሁለቱ ረድፎች ቍጥር እኩል ካልሆነ ሥራውን አልጀምርም ብሎ ይመልሳል።

ይህን «ዋይ» ወስደው ሐን ከነእርባታዋ ወደ ሀ፣ ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቢያዝዙት፣ አምስት ጊዜ ሰባት ሠላሳ አምስት ፊደላት ከፋይሉ ይጠፋሉ። አንድ ሺህ ገጽ ያለው መጽሐፍ ቢሆን እንኳ ቡና አፍልቶ ለመቅዳት የሚበቃ ጊዜ አይወስድም። ለዓመታት በየጉባኤው ያልተወሰነው በቅጽበት ተወሰነ ማለት ነው።

መሣሪያውን ለማውገዝ አልተነሣሁም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። ለአማርኛ ጽሑፍ ያለውን ጥቅም ያየ ሰው ይመሰክርለታል። ብዙዎቻችን አራት ነጥብን ስንጽፍ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እንመታለን። በዐይን ሲታይ «፡፡» እና «።» መንትዮች ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የመጀመሪያው ሁለት ምልክት፣ ሁለተኛው አንድ ምልክት ነው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሮችን ልቍጠር ያለ ሰው ግማሹን ሳያገኝ ይቀራል። «ኤስ» ይህን በአንድ መስመር ያቃናዋል፤ ማንም አይጎዳም፤ ጸሓፊው ሊል የፈለገውም አራት ነጥብ ነውና።

ፍለጋውም ቢሆን በአማርኛ የራሱ ጠባይ አለው። በላቲን ፊደል የሚጻፍ ቋንቋ አናባቢውን ከተነባቢው ጎን ስለሚያቆመው፣ ቃሉ ቅጥያ ሲጨመርበት ግንዱ ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቆያል። የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን በአካሉ ላይ ይሸከማል። «ቤት» ብሎ የፈለገ ሰው «ቤቱ»ን፣ «ቤታችን»ን፣ «ቤቶች»ን አያገኝም፤ «ት» ወደ «ቱ»፣ ወደ «ታ»፣ ወደ «ቶ» ተለውጣለችና። መፍትሔው «ቤ[ተ-ቶ]» ብሎ መጻፍ ነው፤ ከ«ቤ» ቀጥሎ ከ«ተ» እስከ «ቶ» ካሉት ማናቸውም ትምጣ ማለት ነው። ይህ የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ሲገባ፣ በአብዛኛው እንደ ገበታው ከግእዝ እስከ ሳብዕ በተርታ ስለተሰለፈ ነው። የኔታ በአለንጋ ያስቆጠሩን ተራ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ ሲያገለግል ማየት ደስ ያሰኛል።

መሣሪያን ሳያውቁ መጠቀም ምን እንደሚያስከትል ደግሞ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከሴድ ሌላ «ቲአር» የሚባል የፊደል መለወጫ አለ፤ በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚገኘው ዓይነት ፊደልን ሳይሆን ባይትን ያያል። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው። ሐ እና ሀ የሚለያዩት በሦስተኛው ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ «ሐን በሀ ለውጥ» ሲሉት፣ «ያቺን ሦስተኛ ባይት ባገኘህበት ሁሉ ለውጥ» ያሉት ይመስለዋል። ያቺ ባይት ደግሞ በ«ነ» ውስጥም አለች፤ ስትለወጥ «ነ» «ኀ» ትሆናለች። «ነበረ» የሚለው ቃል «ኀበረ» ሆኖ ይወጣል። ኀበረ በግእዝ «ተባበረ፣ አንድ ሆነ» ማለት ነው፤ ያለፈ ጊዜያችን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ኅብረት ይሆናል። ቀልዱ ያምራል፤ ፋይሉ ግን ተበላሽቷል።

ወደ ዋናው ጕዳዬ ልመለስ። ሴድ እንደ ቲአር አይሳሳትም፤ የታዘዘውን በትክክል ይፈጽማል። የእኔ ጥያቄ የትእዛዙ ነገር ነው።

በግእዝ ሠረቀ ማለት ፀሐይ ወጣ፣ ሰረቀ ማለት የሰው ገንዘብ ወሰደ ነው። መሐረ ይቅር አለ፣ መሀረ አስተማረ ነው። ሐለየ ዘመረ፣ ኀለየ አሰበ ነው፤ ኅሊናም ከዚሁ ይወለዳል። ዓመት የዘመን ልክ ስትሆን አመት ገረድ ናት። ሰአለ ለመነ፣ ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው። አሁን ይህችን አንቀጽ ለሠላሳ አምስት ፊደሎቹ ትእዛዝ ብሰጣት ምን ትላለች? «ሰረቀ ማለት ጸሀይ ወጣ፣ ሰረቀ ማለት የሰው ገንዘብ ወሰደ ነው» ትላለች። አንባቢው ጸሓፊው ያበደ ይመስለዋል።

መዝገበ ቃላትስ? አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበትና ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት የግእዝ መዝገበ ቃላት፣ እንዲሁም ደስታ ራሳቸው በ1962 ዓ.ም. ያወጡት የአማርኛው፣ በአበገደ ተራ የተደረደሩ ናቸው። ሐ የራሱ ክፍል አለው፣ ዐም የራሱ። የደስታ መጽሐፍ ከርእሱ ጀምሮ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ይላል፤ በዐይኑ ዐ። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ በ«ዋይ» ማሳለፍ፣ ቤቱን ከነግድግዳው አፍርሶ «ክፍሎቹን አሰፋኋቸው» እንደማለት ነው።

አማርኛ ግእዝ አይደለም የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ልዩነቱ የለም። ይሁንና ክርክሩ የቤተ ክህነት ብቻ ተደርጎ መታየቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ወደ ይፋት ቆላ ውረዱ። ከሸዋ ሮቢት ተነሥታችሁ በሰንበቴና በአጣዬ አልፋችሁ ካራቆሬ ስትደርሱ ዐሊ፣ ዑመር፣ ዑስማን፣ አሕመድ፣ ሐሰን፣ ሑሴን፣ ኸድጃ የሚሉ ስሞችን ትሰማላችሁ። ቁርኣን የቀራ ሰው ዐሊ በዐይን እንደሚጀምርና አሕመድ በአሊፍ እንደሚጀምር ያውቃል። የአሕመድ ሐ እና የኢብራሂም ሂ አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። የእኛ ዐይኑ ዐ እና የዐረቡ ዐይን፣ የእኛ ሐመሩ ሐ እና የዐረቡ ሓእ የአንድ ዘር ልጆች ናቸውና፣ የሀገራችን ፊደል እነዚህን ስሞች እንደ ባለቤቶቻቸው አድርጎ ለመጻፍ ሳያጓድል የታደለ ነው። ላቲን ነጥብና ጭረት እየለመነ የሚያደርገውን እኛ ከገበታው ላይ አንሥተን እንጽፈዋለን። ፊደላቱን «ትርፍ» የሚል ሰው የማንን ስም ትርፍ እያለ እንደሆነ ቢያስተውል እወዳለሁ። ትግርኛማ አይነሣ፤ በትግርኛ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ ዛሬም በድምፅ የተለያዩ ናቸው። አማርኛና ትግርኛ የተቀላቀሉበት ፋይል ላይ ያቺን ትእዛዝ የሰጠ ሰው አንደኛውን ቋንቋ አኮላሽቷል።

የባንክ ሠራተኛ ነኝና የስም ነገር የዕለት እንጀራዬ ነው። አንድ አባት በመታወቂያቸው «ዐሊ»፣ በሌላ መሥሪያ ቤት በተሰጣቸው ወረቀት «አሊ» ተብለው ተጽፈው፣ «አንድ ሰው መሆንዎን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ያምጡ» ተብለው ሲመላለሱ አይቻለሁ። «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ አንድ ዐሊ ነኝ» አሉኝ። «አባባ፣ እኔስ ዐውቃለሁ፤ ወረቀቱ ነው ያላወቀው» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። እንዲህ ያለው እንግልት ፊደል ይቀነስ ለሚሉት ጥሩ ማስረጃ ይመስላል። «መዝገቡን ሁሉ በአንድ ፊደል ብናደርገው አይገላገሉም ወይ?» ይላሉ። አይገላገሉም። መዝገቡ ቢለወጥ በሰውየው ኪስ ያለው ወረቀት አይለወጥም፤ ማኅተም ያረፈበት ውል አይለወጥም፤ ትናንት ከመዝገቡ ጋር ይስማማ የነበረው «ዐሊ» ዛሬ እንግዳ ይሆናል። ያስፈለጋቸው መዝገቡ እንዲለወጥ ሳይሆን ፈላጊው ሁለቱንም አይቶ «አንድ ነው» እንዲል ነበር። መፈለግና መተካት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በአንድ መሣሪያ ስለሚከናወኑ ብቻ አንድ መሰሉን።

ሥነ ግጥምስ? እኔም እንደ ብዙው ሰው በትርፍ ጊዜዬ ስንኝ እቋጥራለሁ። ስለ ዘበኞቻችን በቀልድ የቋጠርኳት አንዲት መንቶ አለችኝ፤

ዘበኛው ቢተኛ ደጁን ሳይዘጋ፣
ፀሐይ ሰረቀች አሉ ገና ሳይነጋ።

ፀሐይ የሴት ስም ነው፤ ፀሐይም ፀሐይ ናት። በጆሮ ሲሰማ ሁለቱም አለ፤ ሰሙም ወርቁም። ወረቀት ላይ ላሰፍራት ስል ግን መምረጥ ግድ ሆነ። በንጉሡ ሠ ብጽፋት ጎሕ ቀደደ፤ በእሳቱ ሰ ብጽፋት ሌባዋ ተያዘች። በእሳቱ ጻፍኳት፤ አንባቢ መጀመሪያ በሌባዋ እንዲስቅ፣ ቀጥሎ ንጋቱን እንዲያገኝ ብዬ። ሌላው ገጣሚ የተገላቢጦሽ ያደርጋት ይሆናል። ትንሽ ምርጫ ናት፤ ነገር ግን የጸሓፊው ናት። ትእዛዚቱ ስታልፍባት የመረጥኩት ይሁን ያልመረጥኩት የሚያውቅ አይኖርም።

እዚህ ላይ የዚህ መሣሪያ ታላቅ ወንድም የሆነው የግሬፕ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ግሬፕ ይፈልጋል እንጂ አይተካም። ብራያን ከርኒሃን እንደሚተርከው፣ ኬን ቶምፕሰን ይህን መሣሪያ የሠራው ያው ሊ ማክማን የፌዴራሊስት ጽሑፎችን ይመረምር ስለነበር ነው። እነዚህ 85 መጣጥፎች እ.ኤ.አ. በ1787 እና በ1788 አዲሱን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለመደገፍ ሐሚልተን፣ ማዲሰንና ጄይ በአንድ የብዕር ስም ያወጧቸው ናቸው፤ የትኛው የማን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። ማክማን የፈለገው በየጽሑፉ ያሉ ቃላትን እያነጻጸረ የጸሓፊውን እጅ ማወቅ ነበር፤ ጽሑፎቹ በጊዜው ለነበረው ማረሚያ ከአቅም በላይ ስለሆኑበት ግሬፕ ተወለደ። ፍለጋ ሲጀመር የሰውን እጅ ለመለየት ነበር ማለት ነው። የእኛ ጸሓፊዎች እጅ ደግሞ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ የፊደል አጣጣላቸው ነው። «ሥራ» የሚልና «ስራ» የሚል፣ «ፀሐይ» የሚልና «ጸሀይ» የሚል ሰው የተማረበትን ቤት፣ የኖረበትን ዘመን ይነግረናል። ስማቸው ያልታወቀ የአማርኛ ጽሑፎች ባለቤት ነገ በዚህ መንገድ ሊመረመር ይችላል፤ ዛሬ ካላጠፋነው።

የቅነሳው ደጋፊዎች ቅን ሰዎች መሆናቸውን አልክድም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲደክሙ የፊደላችን ብዛት ምን ያህል ፈተና እንደነበር መገመት አያዳግትም። ዛሬም በኮምፒዩተር ትርጕም ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ ማሰልጠን ውጤቱን እንደሚያሻሽል አሳይተዋል፤ አንድ ቃል በአራት መልክ ሲበታተን ማሽኑ እያንዳንዱን እንደ እንግዳ ይቈጥረዋልና። ለዚያ ሥራ ይሁን። በገዛ ጽሑፉ በአንድ ፊደል የሚጽፍ ሰውም መብቱ ነው፤ ቀለሙ የእርሱ ነው። የምቃወመው የሌላውን ሰው ጽሑፍ፣ ያውም ሳይነግሩት፣ ያውም ሲሞት ጠብቆ መለወጥን ነው።

ሰው ለማሽን የሚያሳየውን ትሕትናም እፈራዋለሁ። የሰውን ዘረ መል ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 «ማርች1» እና «ሴፕት1» የመሰሉትን ስሞች ወደ ሌላ ለወጠ። ምክንያቱ ኤክሴል የተባለው የሠንጠረዥ መጻፊያ ወር መስሎት ስሞቹን ወደ ቀን እየለወጠ የጥናት ሰነዶችን ስላበላሸ ነው። ሊቃውንቱ ማሽኑን ማረም ቢከብዳቸው የሰውን ስያሜ አረሙ። እነርሱ ግን ቢያንስ ተሰብስበው፣ የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን ጽፈው ነው። እኛ ዘንድ ያልተደረገው ይህ ነው።

መንገዱ ከባድ አይደለም። «ዋይ» አንዱን ፊደል በአንድ ፊደል ስለሚለውጥ መስመር አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ በመስመሩ ውስጥ የፊደሉን ቦታ እንኳ አያዛንፍም። ስለዚህ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ፣ ፊደሉ አንድ የተደረገ ሌላ ቅጂ ከጎኑ ማውጣት ይቻላል፤ እኔ «ጥላ» እለዋለሁ። ፍለጋው በጥላው ላይ ይካሄዳል፤ «[ሀሃ]ይለ» ብለው ቢፈልጉ ኃይለም ሐይለም ይወጣል። የተገኘበትን የመስመር ቍጥር ይዘው ወደ ዋናው ይመለሱና ጸሓፊው እንደጻፈው ይጠቅሱታል። ሴድም ቢሆን በተፈጥሮው ዋናውን አይነካም፤ ውጤቱን በመስኮቱ ላይ አሳይቶ ያበቃል። ፋይሉን በቦታው የሚለውጠው «አይ» የምትባለውን ምልክት ሲጨምሩለት ነው፤ ያኔም ከምልክቷ ቀጥሎ አንድ ቅጥያ ቢጽፉለት የቀድሞውን በዚያ ስም ያስቀርላቸዋል። ሠሪዎቹ ጥንቃቄውን አዘጋጅተውልናል፤ እኛ ነን የምንዘልለው።

የመንደራችንን ስም ልጥቀስና ልጨርስ። በግንቦትና በሰኔ 1953 ዓ.ም. የካራቆሬ አካባቢ በተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ተናወጠ፤ የማጀቴ ከተማ ክፉኛ ፈረሰች። ጠበብቱ ሁሉ የሚያውቁት በመንደራችን ስም ነው፤ አባ ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመንቀጥቀጥ ታሪክም ሰፊ ቦታ አለው። ስለዚህ ነገር በአማርኛ የተጻፈ ልሰብስብ ያለ ሰው «ካራቆሬ»ን፣ «ካራ ቆሬ»ን፣ «ቃራቆሬ»ን ሊያገኝ ይችላል። «[ካቃ]ራ ?ቆሬ» ብሎ ቢፈልግ ሁሉም ይመጡለታል፤ የጥያቄ ምልክቷ ክፍተቱ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለም ማለቷ ነው። አሁን ሁሉንም «ካራቆሬ» በሚለው ልተካቸው ቢል ግን፣ አዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ሌላ ካራ ቆሬ አለ። የዚያ ሰፈር ታክሲና ገበያ ሁሉ ይፋት ቆላ ወርዶ ይሰፍራል። በጥላው ላይ ይፈልግ፤ የመስመር ቍጥሮቹን ይያዝ፤ ከዚያ ዋናውን ከፍቶ ከፊትና ከኋላው ያለውን አንድ በአንድ እያነበበ የኮልፌውን ለኮልፌ፣ የይፋቱን ለይፋት ይለይ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጅበት ይሆናል።